ወንዝ የሚያሻግር ወሬ

ማክሰኞ ሲመሽ፣ ገበያው ሲፈታ፣
ሎድ ድንኳኗን አጣጥፋ፣ ቲማቲሟን ጠርጋ ስትገባ ማታ፣
እኔ እወጣለሁ፣ ተሸክሜ ባትሪዬና ወንበሬ፣
ላንድ ላረጀ ድልድይ፣ ሦስት ሳምንት፣ ዘብ ተቀጥሬ።

ሰው እንዳይሰርቀው አይደለም፤ ማን ሊሸከመው?
መሐንዲስ ነው በመርፌ ወግቶ ሆዱን የሚመረምረው፤
«ስንት ቶን ይችላል?» ነው ጥያቄው በሙሉ።
እኔ የመሣሪያ ሳጥን እጠብቃለሁ፤ ካሚዮኖች ከራሴ በላይ ያልፋሉ፤
ባለፉ ቁጥር ከቅስቱ አቧራ ይረግፋል፣ እንደ ዱቄት፣
ቆቤን አራግፌ እላለሁ፣ «ደግሞ ቻልክ፣ ሽማግሌው፤ በጤና ሰንብት።»

ከታች አያሎን አለ፤ ወንዝ ነው ቢሉኝ አላመንኩም ነበር፤
ሸምበቆ፣ ጎማ፣ የሕፃን ጋሪ፣ የምላስ ያህል ውሃ በጠጠር።
ጥር ላይ ግን አንድ ሌሊት በቁጣ መጣ፣ ደፍርሶ፣
የገበያውን ሳጥን፣ ያንዱን በር፣ ያንዱን ፍሪጅ አግበስብሶ፤
ድልድዩ ሦስት አፉን ከፍቶ፣ ሁሉንም አሳልፎ፣
ሲነጋ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ጭቃ ለብሶ፣ የሰው ፍራሽ ታቅፎ።

ሱልጣን ነው ያሠራው ይላሉ፣ ከግብፅ የመጣ፤
ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል ሰውየው ከዙፋኑ ከወጣ።
ድንጋዩንስ? ከፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አንስቶ፣
የቆመውን ግድግዳ ለመንገደኛ እግር አስተኝቶ።
ፊቱ ላይ ሁለት አንበሳ። መዳፋቸው ሥር አይጥ፣ ጣት የምታህል ትንሽ፤
አንበሳው አልጎረሳት፣ እሷም አትሸሽ፤
ይኸው እስከ ዛሬ «ልብላሽ»፣ «ተወኝ» ሳይባባሉ፣
ቀጠሮ እንደ ተራዘመባቸው ባለጉዳዮች ተፋጠው ይውላሉ።

በመካከል ጽሕፈት አለ፤ ዐረብኛ ነው፤ አላውቅም።
እንኳን የሱልጣን ድንጋይ፣ የመብራት ደረሰኝ ቶሎ አይገባኝም፤
ዕብራይስጡንም በአርባ ዓመቴ፣ ከልጄ ደብተር ሰርቄ፣
አንድ ፊደል ባንድ ማታ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ።

ባሚያ የምትሸጠው ነዚሃ ናት ያነበበችልኝ፣
ዘንቢሏን አስይዛ ከሥሩ አቆመችኝ።
«በአላህ ስም ይላል፤ ከዚያ የሱልጣኑ ማዕረግ፣ ብዛት፣
ከዚያ የልጁ ስም፣ ከዚያ ረመዳን...» ጣቷ ቆመ ድንገት።
«የግንበኛውስ?» አልኳት። ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች፤
«ለእሱ ቦታ አልተረፈም» ብላ ዘንቢሏን አነሳች።

አያቷ በዚህ ድልድይ ሐብሐብ በግመል ጭኖ ያልፍ ነበር፤
ባንድ ሐምሌ ከተማው በእግሩ ሲወጣ አብሮ ወጣ።
እዚህ ላይ ዝም አለች፤ እኔም አልጠየቅኩም ነገር።

እኔም በእግሬ የወጣሁት መንገድ አለኝ። ተከዜ ሞልቶ፣
ድልድይ የለም፤ ገመድ ነው፣ ወንድሜ ዳር ላይ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ በርትቶ፤
«አንተ ቅደም» አለኝ፤ «አንቺ ቅደሚ፤ ሕፃኑን አስቀድሙ።»
ገመድ የያዘ ሰው መጨረሻ ነው የሚሻገር፣ ሌሎቹ ማዶ ሲቆሙ።
እሱ አልተሻገረም።
ገበያው ነበር ስሙ።

በኛ ዘንድ ለፍሬቢስ ነገር «ወንዝ አያሻግርም» ይባላል።
እውነት ነው፤ ወሬ ማንን አሻግሯል?
ድንጋይ ያሻግራል፤ ክንድም፣ እስኪዝል፣ ይችላል።

ትናንት መሐንዲሱ ዕቃውን ጫነ፤ ሥራው አለቀለት።
የዘበኛ መዝገብ ነበረኝ፣ የተረኛ ስም የሚሞላበት፤
በመጨረሻው ገጽ፣ ከስሜ በላይ፣ በዚያው በሰረቅኩት ፊደል፣ አንድ ስም ጨመርኩበት።
«ይህኛው ደግሞ ማነው?» አለ መሐንዲሱ።
«ባልደረባ ነው» አልኩት፤ «ቀድሞኝ የያዘ ተራ።»
ቸኩሎ ነበር። ፈረመበት።
ከላይ ካሚዮን አለፈ፤ አቧራ።